መድኃኒት ያበላችው

ቁልቁለቱ ሲጀምር ተሸካሚዎቹ እርምጃቸውን አሳጠሩ። የፊቶቹ መሸከሚያውን ከፍ፣ የኋለኞቹ ዝቅ አደረጉ፤ ወንበሩም በመካከላቸው ሳያዘነብል፣ እስከ አፉ የሞላ ማሰሮ ይመስል ቀስ እያለ ወረደ።

ገዥው ቀይ ካባቸውን ደርበው፣ ግራ እግራቸውን በሱፍ ትራስ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። እውነቱን ለመናገር ሸክሙ ቃሬዛ ነው። በቤታቸው ግን ቃሬዛ ብሎ የሚደፍር አልነበረም። ቃሬዛ የበሽተኛ ነው፤ ገዥው ደግሞ አልታመሙም። «እግሬን ትንሽ ነካ አድርጎኝ ነው» ይላሉ። ትንሽ ነካ ማድረግ ከጀመራቸው ወዲህ ጎልማሳነታቸው አልፎ ጢማቸው ሸብቷል።

በወንበሩ ቀኝ በኩል ቀማሹ ይሄዳል። ማዕድ ሲቀርብ ከሁሉ በፊት የሚጎርስ፣ ጽዋ ሲሞላ ከሁሉ በፊት የሚጎነጭ እሱ ነው። ከዚያ ሰው ሁሉ እያየው ጥቂት ቆሞ ይጠብቃል። ካልወደቀ ገዥው ይበላሉ። ሥራህ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁት «አለመውደቅ» ይላል።

ከቁልቁለቱ አጋማሽ ሲደርስ አንድ ነገር ልብ አለ። ምርኩዙ በእጁ የለም። ማለዳ ከማደሪያቸው ሲወጡ በር ጀርባ እንደቆመ ትቶት መምጣቱ ትዝ አለው። ሰው ምርኩዙን ይረሳል? ያውም እሱ! የቤቱ ሰው «ሁለቱ አንካሶች» የሚላቸው ገዥውንና እሱን ነበር፤ አንዱን በሹክሹክታ፣ ሌላውን ፊት ለፊት።

ነገሩ የሚገርም አልነበረም። ቀማሽ የሚበላው ጌታው የሚበላውን ነው፤ የተረፈውም ለእሱ ነው። ኩላሊቱ፣ ጉበቱ፣ ቅባቱ፣ የወይን ጠጁ። ጌታው የሚታመሙትንም ይታመማል። ሪህ መጀመሪያ ገዥውን በግራ እግራቸው አውራ ጣት ያዛቸው፤ ከዚያ እሱን በቀኙ። ጣቱ እንደ ፍም ይቀላል፤ የአንሶላ ጫፍ ሲያርፍበት ሰውየው ይጮኻል። ቀማሹ በጓዳው ሲጮኽ ገዥው በእልፍኛቸው ይጮኻሉ። አንዳንድ ጊዜ ማን እንደ ቀደመ አይታወቅም ነበር።

አሁን ግን ጠጠሩ በጫማው ሥር ሲንከባለል ይሰማዋል፤ ሌላ ምንም። ወደ ኋላ ዞር አለ። ሚስቱ ከዕቃ ጫኞቹ በቅሎዎች አጠገብ፣ ክዳን ያለው ቅርጫቷን በክንዷ ይዛ ትመጣለች። የገዥው ወጥ ቤት እሷ ናት። አየችውና እጁን አየች። ባዶነቱን አየች። ከዚያ ፊቷን ወደ በቅሎው አዞረች፤ ቀማሹ ግን ፈገግታዋን ከዚያ በፊት አይቶታል።

*

ከቁልቁለቱ በታች ወንዝ አለ፤ በወንዙ ላይ የድንጋይ ድልድይ። ከማዶ ያለው አገር ጌታና ገዥው ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲዋጉ ኖረዋል። ዛሬ ጀምበር ሳትጠልቅ በድልድዩ መካከል ተገናኝተው እርቅ ሊምሉ ነው። የመሐላው ደንብ ከሁለቱም የቆየ ነው፤ እያንዳንዱ ጌታ ከራሱ ዳርቻ እስከ መካከሉ ድረስ ሳይሸከሙት፣ ሳይደግፉት፣ በገዛ እግሩ ይሄዳል። በእግሩ ያልመጣ በልቡ አልመጣም ይባላል። ባለፈው ዓመት ቀኑ ተቆርጦ ሳለ የገዥው እግር አብጦ ቀረ፤ የማዶው ሰዎች ንቀት ነው አሉ፤ ጦርነቱም እንደገና ተነሳ። ያን ዓመት ከተሸካሚዎቹ ሁለቱ ልጆቻቸውን ቀብረዋል።

ሐኪሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነበር። ቀጭን፣ መነጽሩን በክር ያሰረ ወጣት ነው። ከእሱ በፊት የመጡት ሁሉ እግሩን ነበር የሚያዩት፤ አልቅት ለጠፉበት፣ ትኩስ ሰም ቀቡት፣ ደም አወጡ። ይኼኛው እግሩን አየና «ማድ ቤቱን ማየት እችላለሁ?» አለ። ድስቶቹን ከፍቶ አሸተተ። ከወይን ጠጁ በማንኪያ ቀመሰ። ወጥ ቤቷን ብዙ ጠየቃት፤ እሱም ብዙ ነገራት።

ለገዥው የመራራ ሥር ጠብታ ሰጣቸው፤ ለሚያቃጥልበት ቀን ብቻ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ክቡር ጌታዬ፣ ጠብታው እሳቱን ያጠፋል። እንጨቱን የሚጨምረው ግን ማዕዱ ነው። ስጋውን እንቀንስ፣ ኩላሊቱ ይቅር፣ ጠጁን ውሃ ይተካው፣ በየማለዳውም ትንሽ ይራመዱ። ሪህ እንግዳ አይደለም፣ ተከራይ ነው። አይወጣልንም ይሆናል። ዝም ማሰኘት ግን እንችላለን።»

«ስጋ የማይበላ ገዥ ማንን ይገዛል?» አሉ ገዥው። «ጎመኑን?»

በማግስቱ የቀረበው የጎመን ሳህን በመስኮት ወጣ። ሐኪሙም ሊከተለው ትንሽ ቀረው።

ከዚያ ወዲያ ሐኪሙና ወጥ ቤቷ በማድ ቤቱ በር ቆመው ብዙ ተነጋገሩ። ስጋውን አድቅቃ ከትፋ ቅቅል ምስር ቀላቀለችበት፤ መጀመሪያ እፍኝ የማትሞላ። በየጊዜው ምስሩን ስትጨምር ስጋውን ቀነሰች፤ ሽንኩርቱንና ቅመሙን አጥብቃ ቀለሙን አስመሰለች። የስጋውን መረቅ በአትክልት መረቅ ተካችው። በጠጁ ውስጥ ውሃና ጎምዛዛ የቀይ ፍሬ ጭማቂ ገባ። የገዥው ምላስ ምንም አላወቀም።

የቀማሹ ምላስ ግን በመጀመሪያው ጉርሻ አወቀ። ሲቀምስ የኖረ ምላስ ነው። ማዕዱ ፊት ቆሞ፣ ምስሯን በጥርሱ መካከል እንደ ያዘ፣ ሚስቱን አያት። እሷም አየችው። እንግዳ ነገር በማዕዱ ካገኘ መጮኽ አለበት፤ መሐላው ነው። ዋጠ። ጥቂት ቆመ።

«ደህና ነው፣ ጌታዬ» አለ።

*

ቀትር ላይ ከአንድ የውሃ ወፍጮ አጠገብ አረፉ። ወንበሩን በዛፍ ጥላ ሥር አሳረፉት፤ ገዥው ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው አሸለቡ። ሐኪሙ ማለዳ ቀድሞ ወደ ድልድዩ ሄዷል፤ ማረፊያውን አሰናድቶ እግራቸውን የሚያሹበት ሙቅ ውሃ ሊያስጥድ።

ቀማሹ ፊቱን ሊታጠብ ከዘቦቹ ጋር ወደ ወፍጮው ገንዳ ወረደ።

«አያ ቀማሽ፣» አለ አንዱ ዘብ፣ «ምርኩዝህን ማን ሰረቀህ?»

«ማን ይሰርቀዋል፣» አለ ሌላው፣ «ሚስቱ ለማገዶ አንድዳው ነው!»

«ከዛፍ ዛፍ ሲዘል አየሁት ዛሬ። ጦጣ አስመስሎታል።»

ሳቁ። ቀማሹም ሳቀ። ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ፀሐይዋ ጀርባው ላይ ነች፤ እግሩ ምንም አይለውም። ደስ ያለው ሰው ምላሱን አይጠብቅም። ሚስቱን እንዲያደንቁለት ፈለገ፤ ሌላ ምን ይፈልጋል?

«ሳቁ፣ ሳቁ» አለ። «ጌታዬንም እኔንም በእግራችን ያቆመችን ያቺ የምታሟት ሚስቴ ናት። እሳቸው ሳያውቁ መድኃኒት አብልታ አብልታቸው እኮ ነው!»

አንዱ ዘብ ያነሳው ኩባያ አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ወፍጮው ብቻ ዞረ።

ቀማሹ ያኔ የተናገረውን ሰማ።

ይህን አነጋገር የማያውቅ የለም። ሐኪም መድኃኒት ይሰጣል፣ ይቀባል፣ ያጠጣል። መድኃኒት የሚያበላ ግን ሌላ ነው፤ ጠላት ነው፣ ጣውንት ነው፣ መውረስ የቸኮለ የወንድም ልጅ ነው። ቀማሽ የሚባል ሥራም በዓለም ላይ የተፈጠረው መድኃኒት የሚያበላ ስላለ ነው።

«እንደሱ ማለቴ አይደለም» አለ።

«ታዲያ እንዴት ማለትህ ነው?» አለ ከኋላው አንድ ድምፅ።

የዘቡ አለቃ ነበር፤ ዓይኖቹ ከእንቅልፍ ማጣት የቀሉ ትልቅ ሰው። ገዥውን ለመጠበቅ የማለ፣ ሌላ የሚያስበው የሌለ ሰው ነው። መልስ አልጠበቀም። ወደ በቅሎዎቹ ሄደ። ቀማሹ ሲከተለው ሚስቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አተር ትለቅማለች።

«ቅርጫትሽን» አለ አለቃው።

ሰጠችው። ከአተሩና ከሎሚው ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለች፣ አፏ በሰም የተደፈነ ትንሽ ብልቃጥ አወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሐኪሙ ያስያዘኝ መራራ ሥር ነው። መንገድ ላይ ሕመሙ ቢነሳባቸው ብሎ።»

«ቢበዛ ምን ያደርጋል?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። ቀማሹ እንድትዋሽ በልቡ ለመነ።

«ቢበዛ ይገድላል» አለች።

«ባይበዛስ?»

«ያሽላል።»

«ባይበዛ ያልሽው የሐኪሙ ጉዳይ ነው፤ የኔ ጉዳይ ቢበዛ ያልሽው ነው» አለ አለቃው። «ባልሽ በሰው ፊት መስክሮብሻል። ተነሺ።» እጇን በገመድ ሲያስር ቋጠሮውን እንዳያጠብቅ ተጠነቀቀ፤ ፊቱ ግን አልላላም።

ወጥ ቤቷ ባሏን አየችው። «አንተ ሰውዬ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ምላስህ ለጨው እንጂ ለወሬ አልተሠራም ብዬህ አልነበረም?»

*

ገዥው ባርኔጣቸውን ከፊታቸው አንስተው የታሰረችውን ሴት፣ ብልቃጡንና የዘቡን አለቃ አዩ።

«ጌታዬ፣» አለ አለቃው፣ «ይህች ሴት ሳያውቁ መድኃኒት ታበላዎት እንደ ነበር ባሏ ተናግሯል። ፍርዱ ለርስዎ ነው። የኔ ምክር ግን አሁኑኑ እንመለስ ነው። ሐኪሞች ሳያዩዎት አንድ እርምጃ እንዳይራመዱ። መሐላው ይቆይ።»

የቆየ መሐላ ምን እንደሚያመጣ ሁሉም ያውቃል። ከተሸካሚዎቹ አንዱ አንገቱን ደፋ።

ገዥው ወደ ሴቲቱ ዞሩ። «አንቺ» አሉ። «ምን አበላሽኝ?»

«ምስር፣ ጌታዬ።»

«ምን?»

«ምስር። ስጋ ብለው ከሚበሉት አብዛኛው ምስር ነው። መረቁ ከካሮትና ከሽንኩርት ነው። ጠጁም... ጠጁ ውስጥ ጠጅ ያለው ለሽታ ያህል ነው።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ሳህኑ በመስኮት ከወጣበት ሳምንት ወዲህ።»

ከዘቦቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ገዥው ግን አልሳቁም። ፊታቸው ቀላ፤ ቀማሹ ያንን ቀለም ያውቀዋል፤ የንዴት ሳይሆን የእፍረት ቀለም ነው፣ ንዴት ተከትሎት የሚመጣ። ሴቲቱን የሚያድን ነገር ካለ፣ ንዴቱ ሳይደርስ አሁን መምጣት ነበረበት።

«ስለዚህ እኔ በገዛ ማዕዴ ላይ እንደ ሕፃን ስታለል ነበር» አሉ።

«ኧረ እንደ ሕፃን አይደለም፣ ጌታዬ» አለች ወጥ ቤቷ። «ሕፃን ቢሆን ምስሩን ያውቀው ነበር።»

ቀማሹ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ሳያስበው ወደ ፊት ወጣ፤ ተቀመጠና የቀኝ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

«ምን ያደርጋል ይሄ?» አሉ ገዥው።

«ጌታዬ፣ እርስዎ የበሉትን ሁሉ ቀድሜ በልቻለሁ። ስጋውን ስንበላ አብረን ነደድን። ምስሩንም በመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ፤ አውቄ ደህና ነው ብያለሁ። ጥፋት ካለ ያፌ ጥፋት ነው። ግን ከመፍረድዎ በፊት እግሬን ይዩልኝ።»

ባዶ እግሩን ሣሩ ላይ ዘረጋ። ጣቱ የድሮ ጉብታው አለበት፤ ቀለሙ ግን የሌሎቹ ጣቶች ቀለም ነው።

ገዥው የሰይፋቸውን ሰገባ አነሱ። ጫፉን ቀስ አድርገው በቀማሹ አውራ ጣት ላይ አሳረፉት። ጫኑት። ቀማሹ የሚያስታውሰውን ሕመም እየጠበቀ ትንፋሹን ያዘ፤ ሕመሙ አልመጣም። ገዥው ሰገባውን ሲያነሱ የሁለቱም ትንፋሽ እኩል ወጣ።

«ጫማዬን አውልቅልኝ» አሉ።

ቀማሹ ተንበረከከ። ማሰሪያውን ፈታ፣ ለስላሳውን ጫማ ሳበ፣ ሹራቡን ገለጠ። ይህን ጣት ከሐኪሞች በስተቀር ለዓመታት የነካው አልነበረም፤ ሎሌዎቹ ሲያጥቡት እንኳ ውሃ ያፈሱበታል እንጂ እጃቸውን አያስጠጉም።

«ተጫነው» አሉ ገዥው።

«ጌታዬ...»

«ተጫነው ብዬሃለሁ።»

በአውራ ጣቱ ተጫነው።

«ጨመር አድርግ።»

ጨመረ። ቀና ብሎ ሲያይ ገዥው እሱን አያዩም። የዛፉን ቅጠሎች ያያሉ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ ቀማሹም ጎንበስ ብሎ ሹራቡን ሲያስተካክል ቆየ፣ እስኪደርቅ።

«አለቃ፣» አሉ፣ «ፍታት።»

«ጌታዬ፣ መድኃኒት ማብላት በሕጉ...»

«የሚገድለውንም የሚያድነውንም በአንድ ስም ጠርተን ስናበቃ ሕጉ እንዴት ይለየው? ፍታት። አንቺ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎት ይበሉት ነበር?» አለች፣ እጇን እያሸች።

«አልበላም ነበር።»

«እሱን ፈርቼ ነው።»

«ከዛሬ ጀምሮ የምታቀርቢልኝን ሁሉ በስሙ ትጠሪልኛለሽ። ምስሩን ምስር፣ ውሃውን ውሃ። ብጮኽም ትጠሪልኛለሽ። ሌላ የደበቅሽኝ አለ?»

ወጥ ቤቷ የዘቡን አለቃ በጎን አየችና ከንፈሯን ነከሰች። «የጠዋቱ መራመድ አለ።»

«የቱ መራመድ? እኔ አልራመድም። በየማለዳው ቅጥሩን የምዞረው ሐኪሙ ዘቦቹ ጎሕ ሲቀድ ይተኛሉ ቢለኝ ልይዛቸው...» ገዥው አቋረጡ።

የዘቡ አለቃ አፉ ተከፈተ። «ለዚህ ነው?» አለ። «ጌታዬ፣ እኔ በዘመኔ በጥበቃ ላይ ተኝቼ አላውቅም! ከዚያ ወዲህ ግን እርስዎ ይመጣሉ እያልኩ በአልጋዬም አልተኛሁ!»

«እሱም መድኃኒት ነበር» አለች ወጥ ቤቷ። «ይቅር በለኝ አለቃ። አንተም መድኃኒት ነበርክ።»

መጀመሪያ የሳቁት ገዥው ናቸው። ካባቸው እስኪወልቅ ሳቁ። ከዚያ ዘቦቹ፣ ከዚያ ተሸካሚዎቹ። አለቃው ብቻ ብልቃጧን በእጁ እንደ ያዘ ቆሞ ነበር፤ ቀስ ብሎ በጨርቋ ጠቀለላትና ከአተሩ ሥር፣ ባገኛት ቦታ መለሳት።

ገዥው በእግራቸው ቆሙ፤ አንድ ሁለት ተራመዱ፤ ተመልሰው ተቀመጡ። «እስከ ድልድዩ ተሸከሙኝ» አሉ። «ድኛለሁ እንጂ አላበድኩም።» ወንበሩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ኑ፣ ቃሬዛዬን አንሱ።»

ቃሉን ከአፋቸው ሲሰሙ ተሸካሚዎቹ ተያዩ።

*

ጀምበሯ ከወንዙ ማዶ ካሉት ዛፎች በላይ ነበረች። ሐኪሙ በድልድዩ ራስ ላይ ፎጣ በክንዱ ይዞ ጠበቃቸው፤ ቀማሹ የቀትሩን ነገር ሲነግረው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «በሚቀጥለው ጊዜ፣» አለ፣ «ለሁሉም ቀድመን እንናገራለን። ጥፋቱ ከኔ ነው የጀመረው።» ከዚያ የገዥውን እግር በሙቅ ውሃ አሸው።

ገዥው በድንጋዩ ላይ ረገጡ። ደንቡ እንደሚያዘው ከኋላቸው ቀማሹና አለቃው ብቻ፣ ራቅ ብለው ተከተሉ። ድልድዩ መካከሉ ጎበጥ ያለ ነው፤ ከዳርቻ ሲያዩት እንደ ትንሽ አቀበት ይታያል። ገዥው አልቸኮሉም። ካባቸው በነፋስ ተወዘወዘ።

አቀበቱ ላይ ቆሙ።

በሁለቱም ዳርቻ ያለው ሰው አንገቱን አሰገገ። አለቃው ሊሮጥ ሲል ቀማሹ እጅጌውን ያዘው። ይህን አቋቋም ያውቀዋል። ተከራዩ ከውስጥ በሩን አንኳኩቷል፤ አለሁ ለማለት ነው እንጂ ሊወጣ አይደለም። ቀማሹ በራሱ እግር፣ በራሱ ጫማ ውስጥ፣ ጣቱን ሰበሰበና ዘረጋ፤ ጌታው አብረውት የሚሰበስቡና የሚዘረጉ ይመስል። ገዥው ተነፈሱ። ግራ እግራቸውን አነሱ።

ሄዱ።

የማዶው ጌታ ከወዲያ ይመጣሉ። ትልቅ፣ ጠይም፣ ጦር የለመዱ ሰው ናቸው፤ ግን አንድ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ በየእርምጃው ፊታቸው ይጨማደዳል፤ ግንባራቸው በላብ ረጥቧል። ከኋላቸው አንድ ቀጭን ሰው በምርኩዝ ያነክሳል። ቀማሹ ሲያየው ማንነቱን ለማወቅ የሚነግረው አላስፈለገውም። እንደ እሱ ቀማሽ የሆነ ጓዱን እንዴት ያጣዋል?

ሁለቱ ጌቶች በመካከሉ እጃቸውን በድንጋዩ ላይ አኑረው ማሉ። ድምፃቸው በውሃው ላይ ሄደ። ከሁለቱም ዳርቻ ሴቶች እልል አሉ።

የማዶው ጌታ ግን ቀና ሲሉ ዓይናቸው ከገዥው እግር አልተነሳም። «አምና በዚህ እግር ሰበብ ቀሩ» አሉ። «ሰበብ ነው ብዬ ነበር። ዘንድሮ እኔን ያዘኝና እውነት መሆኑን አወቅሁ። እግርዎን ምን አደረጉት?»

«መድኃኒት አበሉኝ» አሉ ገዥው።

ከማዶ የሰይፎች ድምፅ ተሰማ። ከወዲህም መለሰለት። የማዶው ቀማሽ ምርኩዙን ጥሎ ጌታውን ሊከልል ተወረወረ።

ገዥው ግን እየሳቁ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። «ሰይፋችሁን መልሱ! የገዛ ወጥ ቤቴ ናት ያበላችኝ። ባሏ ከደስታው ብዛት አጋለጣት፤ ዛሬ ቀትር ላይ ልትሰቀልብኝ ነበር።» ዞር ብለው ወደ ዳርቻው ጮኹ። «አንቺ! ነይ!»

ወጥ ቤቷ ቅርጫቷን ይዛ መጣች፤ ሐኪሙ በጎኗ። ድልድዩን መሻገር የተፈቀደላት መሆኗን ያላመነች ይመስል በጠርዙ በጠርዙ ነበር የምትራመደው። ስታልፈው ቀማሹ እጇን ነካት። ቋጠሮው የነበረበት ቦታ አሁንም ቀይ ነው።

«ምን አበላሽኝ? በስሙ ንገሪያቸው» አሉ ገዥው።

«ምስር ነው፣ ጌታዬ» አለች ለማዶው ጌታ እጅ ነስታ። «የተቀረውን ሐኪሙ ያውቃል። እኔ የማውቀው እንዴት እንደሚጣፍጥ ነው።»

የማዶው ጌታ ምስር የሚለውን ቃል አፋቸው ውስጥ አንከባለሉት። ወደ ቀማሻቸው ዞሩ። ያ ሰው ምርኩዙን ከመሬት እያነሳ የእኛን ቀማሽ እግር ያያል፤ ባዶ እጁንም ያያል። ቀማሹ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ዛሬ በቂ ተናግሯል። ቀኝ እግሩን ብቻ አነሳና ድንጋዩን በኃይል መታው።

«ሐኪሙን ለጥቂት ጊዜ ያውሱኝ» አሉ የማዶው ጌታ።

«ይሂድ። ወጥ ቤትዎንም እሷ ታስተምርልዎታለች። ግን ቀማሽዎ ምስሩን ሲያውቅ እንዳይጮኽ አስቀድመው ይንገሩት።»

ከዚያ ገዥው ወደ ወጥ ቤቷ ዞሩ። በቤታቸው ከልጅነቷ ጀምራ አገልግላለች፤ ሳህን ወርውረውባታል፣ ጨው በዛ ብለዋል፣ ጨው አነሰ ብለዋል። አሁን ግን ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ነፋሱ ሽበታቸውን በተነው።

«እግዜር ይስጥሽ» አሉ።

ወጥ ቤቷ ቅርጫቷን ደረቷ ላይ ጥብቅ አደረገች። መልሱን ማንም ያውቀዋል፤ በልማድ የሚሉት፣ ሲሉት የማይሰሙት ቃል ነው። ባሏን አየች፤ ምርኩዝ የያዘውን የማዶ ሰው አየች፤ እንቅልፍ ያጣውን የዘብ አለቃ አየች፤ ገዥው በራሳቸው እግር መቆማቸውን አየች።

«አብሮ ይስጠን፣ ጌታዬ» አለች።